የ94 ኮሮላ፣ አዲስ ስፒከር፣ 34 መልስ

ስለ መኪናዬ ስፒከር ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት አርብ ማታ ነው። መኪናዋ የ1994 ሞዴል ኮሮላ ናት። መስታወቷ በእጅ የሚዞር፣ ከአጎቴ የገዛኋት። የግራ በሯ ስፒከር ከክረምት ወዲህ ሲያሻው ያወራል፣ ሲያሻው ያኮርፋል። በር ድም ሲል ይነሳል፣ ጉድጓድ ሲገጥመን ይጠፋል። አንድ ዲኮር ቤት ወሰድኳት። ልጁ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ትንሽ ሰማና ሁለቱም ስፒከሮች አልቆላቸዋል ብሎ ፈረደ። 500 ዋት ተብሎ የተጻፈበት፣ መሀሉ የሚያብለጨልጭ አዲስ ጥንድ ገጠመልኝ። አሮጌዎቹ እዚያው ቀሩ። ምን ይሠሩልኛል?

ደስታው ቤት እስክደርስ እንኳን አልቆየም። ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ዘፋኙ ጣሳ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ነው የሚመስለው። ግራው ደግሞ እንደ ልማዱ ይቆራረጣል። ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ የተሸጠልኝ ፎርጅድ ነው ወይስ አምፕ (ማጉያ) ያስፈልገዋል?

አሁን ክሩ፣ ጥያቄዬና ከሥሩ የተደረደረው ሁሉ፣ 34 መልስ ላይ ቆሟል። ግማሹ ስለ ስፒከር አይደለም። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሰዎች በውስጥ መስመር ስለሚጠይቁኝ የተባለውን በራሴ አነጋገር ልተርከው።

1ኛው መልስ ትሁት ነው። ጤና ይስጥልኝ ብሎ ጀምሮ፣ ለመኪናዋ ዕድሜ ተመኝቶ፣ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ቴፑ የፋብሪካው ነው ወይስ ኋላ የገባ፣ የበሩ ሶኬት ተቆርጧል ወይስ እንዳለ ነው፣ አሮጌዎቹ ስፒከሮች የት ናቸው። ሦስተኛው ጥያቄ ያኔ አልገባኝም። ለአንዱም አልመለስኩለትም። 2ኛው አምፕ ግዛ አለ። 3ኛው ደግሞ አምፕ ብቻውን ምን ያደርጋል፣ ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ትልቅ ሰብ (የቤዝ ስፒከር) ጨምርበት አለ። በሁለት መልስ የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ አስወጡኝ።

4ኛው ረጅም ነው፤ ግን አንብቤው አልቆጨኝም። ስፒከሩ ላይ የሚጻፈው ዋት የሚያሳየው፣ ቁጥሩ እውነት ከሆነ፣ ስፒከሩ ሳይቃጠል ሊሸከም የሚችለውን እንጂ የሚሰጠውን ድምፅ እንዳልሆነ አስረዳ። ከ12 ቮልት ባትሪ በቀጥታ የሚሠራ ቴፕ፣ ፊቱ ላይ 50 ዋት በ4 ቢልም፣ ለአንድ ስፒከር በእውነት የሚያደርሰው 20 ዋት ገደማ ነው። ታዲያ 500ው ለማን ነው? መታየት ያለበት ዲሲቤሉ (የድምፁ መጠን መለኪያ) እንደሆነ ጻፈ። በአንድ ዋት 92 ዲሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 89 ከሚሰጠው ጋር እኩል ለመጮህ ግማሽ ኃይል ይበቃዋል። የእኔን ካርቶን አየሁት። ዲሲቤል የሚል ነገር የለበትም። የእሳት ነበልባል ሥዕል ግን አለበት።

5ኛው ላይ ጨዋታው ተበላሸ። ለ30 ዓመት አሮጌ መኪና ይህን ያህል ክር መክፈት ሥራ መፍታት ነው፣ ሸጠህ ተገላገል አለ። 6ኛው ተቆጣ። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት ምን ያህል እንደከበደ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ እንደተከለከለ አስታወሰው። ሸጦ ምን ሊገዛ ነው ብሎም ጠየቀ። 5ኛው አልመለሰም።

7ኛው ከቨርጂኒያ ነው የጻፈው። ቅን ሰው ነው። የመኪናውን ሶኬት መቁረጥ ኃጢአት እንደሆነ፣ እነሱ ጋ አንዱ ጫፍ ከቶዮታ ሶኬት፣ ሌላው ከቴፑ ሽቦ ጋር የሚገጥም መሸጋገሪያ በጥቂት ዶላር ተገዝቶ በአምስት ደቂቃ እንደሚያልቅ ነገረን። 8ኛው ትንሽ ጎሸመው። እዚህ ያ መሸጋገሪያ በየሱቁ ተሰቅሎ አይጠብቅህም፤ ሶማሌ ተራ ሄደህ ከተፈታ መኪና ላይ ሶኬቱን ከነጅራቱ (ከነሽቦው) አስቆርጠህ ትገዛለህ፣ እሱም ያው መሸጋገሪያ ነው አለ። 7ኛው ሳቀ፣ አመሰገነም። ብልሃቱን አላውቀውም ነበር፣ እኔም ተምሬበታለሁ።

ከዚያ 9ኛው። ሦስት መስመር ብቻ ጻፈ። ስፒከሮቹ ምንም አልሆኑም፤ የግራው ሽቦ ከበሩ ማጠፊያ ላይ ተቆርጧል፤ የቀኙ ደግሞ ተገልብጦ ታስሯል። አበቃ። ሰላምታ የለ፣ ማብራሪያ የለ። መኪናዬን አይቶ አያውቅም!

10ኛው የእኔ ነው፣ እና አፍሬበታለሁ። ከአዲስ አበባ አንድ ጥግ ተቀምጠህ የማታየውን መኪና እንዴት ትመረምራለህ፣ ጠንቋይ ነህ ወይ ብዬ ጻፍኩ። ገንዘብ አውጥቼ አዲስ ስፒከር ስለገዛሁ ጥፋቱ የስፒከሩ እንዲሆን ፈልጌ ነበር መሰለኝ። ፎርጅድ ቢባል ይዤ ሄጄ እጮሃለሁ። ሽቦ ነው ከተባለ ማን ላይ ልጩህ?

11ኛው ግን በትዕግሥት የ9ኛውን ሐሳብ ተረጎመልኝ። አንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገለበጠ፣ ግራው አየሩን ሲገፋ ቀኙ ይስባል። ቀጭኑ ድምፅ ብዙም አይጎዳም። ወፍራሙ ግን እርስ በርሱ ይጠፋፋል። መሞከሪያው ብር አይጠይቅም። ባላንሱን (ድምፁን ግራና ቀኝ የሚያከፋፍለውን ማስተካከያ) ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙረህ ስማ። አንዱ ብቻውን ሲዘፍን ቤዝ ካለው፣ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ከጠፋ፣ ችግሩ የአስተሳሰሩ ነው።

ይህን ልሞክር ስል 12ኛው መጣ። የዲኤክስ፣ የድሮዋ ኮሮላ፣ ሰው ናቸው። ለብዙ ዓመት ዲኤክስ እንደነዱ፣ በእሳቸው ጊዜ ከቴፑ አንድ ሽቦ ብቻ ወደ ስፒከሩ ተስቦ የስፒከሩ ሌላ እግር ከመኪናው አካል ጋር ማሳ እንደሚደረግ (በብረቱ በኩል ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር እንደሚገናኝ) ጻፉ። ሽቦ ተቆርጦ ከሆነ ምን ያስጨንቃል፣ ኔጌቲቩን በሩ ብረት ላይ በብሎን እሰረው አሉኝ። ቀላል ነገር ስለሆነ ልቤ ወደዚያ አደላ። ካቻቪቴ ሁሉ አንስቼ ነበር።

13ኛው አስጣለኝ። ግን አነጋገሩ! ሰውየውን ቴፕ ገዳይ ብሎ ነው የጀመረው። ፍሬ ነገሩ ትክክል ነው። የድሮ ሬዲዮ ማሳ ይጋራ ነበር። የአሁኑ ቴፕ ውስጥ ያለው ማጉያ ግን ስፒከሩን በሁለቱም ሽቦ ነው የሚነዳው፤ ቴፑ በርቶ ዝም ባለበት ሰዓት እንኳን ቴስተር ይዘህ ከአካሉ ጋር ብትለካ ሁለቱም ላይ የባትሪው ግማሽ፣ 6 ቮልት ገደማ ታገኛለህ። እሱን ከብረት ጋር ማሰር ማጉያውን ማቃጠል ነው። 14ኛው ላይ የዲኤክሱ ሰው ተመለሱ። የተናገሩት ስለ ዲኤክስ እንደሆነ፣ ዲኤክሷ እስከ ዛሬ እንደምትዘፍን፣ ልጅ አባቱን እንዲህ እንደማይናገር ጻፉ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ። መኪኖቹ ናቸው የተለያዩት። 15ኛው አስታራቂ ነው፤ ቡና ጋበዛቸው፤ ማንም አልሄደም መሰለኝ።

16ኛው ቁም ነገር ይዞ መጣ። የቀለም ነገር። በእነዚህ ዓመታት ቶዮታ ላይ ፊት ግራ ሮዙ ፖዘቲቭ፣ ወይን ጠጁ ኔጌቲቭ ነው። ፊት ቀኝ ፈዛዛ አረንጓዴው ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊው ኔጌቲቭ። ኋላ ግራ ጥቁርና ቢጫ፣ ኋላ ቀኝ ቀይና ነጭ። ከገበያ የተገዛ ቴፕ ጅራት ግን ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው። እዚያ ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል የሚቀበል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር የሚቀበል፣ ጥቁሩ ማሳ። ነጭ ፊት ግራ፣ ግራጫ ፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ ኋላ ግራ፣ ወይን ጠጅ ኋላ ቀኝ ነው፤ ጥቁር መስመር ያለበት የየራሳቸው ኔጌቲቭ ነው።

17ኛው ይህን ሳያውቅ ቀለም ከቀለም ያገናኘ ሰው ነው። ቢጫን ከቢጫ፣ ቀይን ከቀይ፣ ጥቁርን ከጥቁር። ምክንያታዊ ነው እኮ! የመኪናው ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር ግን የኋላ ስፒከር ሽቦዎች ናቸው። ቴፑ አልበራም። ሁለት ጊዜ ለሻጩ መልሶ ተጣልቶ መጥቷል። 18ኛው ዕድለኛ ነህ አለው። በቶዮታ በኩል ግራጫ ማለት ቁልፍ ሲዞር 12 ቮልት የሚመጣበት ነው፤ በቴፑ በኩል ግራጫ የስፒከር መውጫ ነው። ግራጫን ከግራጫ ያገናኘ ሰው ጭስ ነው የሚያገኘው። ትክክለኞቹ ሰማያዊ ላይ ቢጫ መስመር ያለበት ለባትሪ፣ ግራጫ ለቁልፍ፣ ቡናማ ለማሳ ናቸው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ከ19 እስከ 21 ክሩ ከመንገድ ወጣ። አንዱ ከጃፓን የመጣች ቪትዝ አለችው፤ ስፒከሯ ደህና ነው፣ ሸገር 102.1 ግን አይገባላትም። የእሷ የጃፓን ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ብቻ ስለሚያነብ ፋና 98.1ም፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ም የሉም። ከአንቴናው ሶኬት ላይ የሚሰካ የጣቢያ ቁጥር ማውረጃ እንዳለ ሌላው ነገረው። 20 የሚቀንሰውን ከገዛ ሸገር 82.1 ላይ ይመጣለታል። የስፒከር ጥያቄ ባይሆንም ክሩ ላይ ብዙ ምስጋና ያገኘው ይህ ነው። ቅናት አይደለም፣ ግን ክሩ የእኔ ነበር።

22ኛው ትዝታ ነው። የቴፕ ፊት ይነቀል በነበረበት ጊዜ፣ ከሌባ ለማዳን ነቅሎ ይዞ መግባትና ካፌ ጠረጴዛ ላይ ከቁልፉ ጎን ማስቀመጥ ራሱ ሙድ እንደነበር ጻፈ። መኪና ሳይኖራቸው የቴፕ ፊት ይዘው የሚዞሩ ነበሩ አለ። አላምንም፤ ግን ደስ ይላል።

23ኛው ሁላችንንም ወረደብን። በሌሊት መስታወት አውርዶ ሰፈር የሚያውክ ሁሉ እንዲህ ካለ ክር ነው የሚነሳው አለ። 24ኛው ደግሞ የ23ኛው ዓይነት ጎረቤት እንዳለው፣ የእሱ ጄኔሬተር ከየትኛውም ቤዝ እንደሚብስ መለሰ። ስድብም ነበረበት፤ እሱን ልለፈው።

25ኛው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ባላንሱን ወደ ቀኝ አዞርኩ። ቤዙ ከች አለ! መሀል ላይ ስመልሰው፣ ግራው የሚሠራበትን ቅጽበት ጠብቄ፣ ጠፋ። የ9ኛው ሰው ግማሽ ቃል እውነት ሆነ። ይቅርታም ጠየቅኩ፣ ግን በግማሽ አፍ።

26ኛው የ9ኛው ሰው መልስ ነው። በደርግ ጊዜ ጀምረው በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ እንዳረጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀሱ። ያኔ ነው አንተ እያልኩ ጠንቋይ ያልኳቸው ሰው አባቴ እንደሚሆኑ የገባኝ። ከዚያ ወዲያ በአንቱታ ነው የጻፍኩት። እሳቸው ግን ቂም የላቸውም፤ በቀጥታ በሩ እንዴት እንደሚከፈት ገቡ። የመስታወት ማዞሪያው ከኋላው በትንሽ ቀለበት ሽቦ ነው የተያዘው። በካቻቪቴ መፈልቀቅ ፓነሉን ይጎዳል። ጨርቅ ወስደህ በማዞሪያውና በፓነሉ መሀል አስገብተህ ጫማ እንደሚወለውል ሊስትሮ ግራና ቀኝ ሳብ ሳብ ስታደርገው ቀለበቱ ጨርቁን ይዞ ይወጣል። ግን ተስፈንጥሮ ይጠፋልና መጀመሪያ በሩ ሥር አንሶላ አንጥፍ። ደግሞ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ።

27ኛው የፓነሉ ክሊፕስ መሰበሩ አይቀርምና አስቀድሜ እንድገዛ መከረኝ። ሶማሌ ተራ በከረጢት ይሸጣል፤ የያዝከውን ይዘህ ሂድ፣ ሁሉም ይመሳሰላል ግን አይገጥምም። 28ኛው ከፓነሉ ጀርባ ያለውን ላስቲክ እንዳልቀድ አስጠነቀቀ። ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ ወደ በሩ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ወደ እኛ እንዳይመጣ የሚከለክለው ያ ላስቲክ ነው። የእሱን ዲኮር ቤት ቀዶ ስለጣለለት ሐምሌን ሙሉ ምንጣፉ ሲገማ ከርሟል። 29ኛው ስለ ስፒከሩ ጥልቀት ጻፈ። መስታወቱን እስከ ታች አውርደህ ካልለካህ የስፒከሩ ማግኔት መስታወቱን ያገኘዋል። ቀለበት ጨምረህ ወደ ውጭ ማውጣት ካስፈለገህ ደግሞ ኮምፖንሳቶ አትጠቀም፣ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ወፍራም የፕላስቲክ የሽንኩርት መክተፊያ ገዝተህ በክብ ቁረጠው አለ። ሚስቱ እስከ ዛሬ መክተፊያው የት እንደገባ እንደማታውቅም ጨመረ።

እሁድ ገባሁበት። የጨርቁ ዘዴ በሦስተኛው ሳብ ሠራ። ቀለበቱ አንሶላው ላይ ጠብ። ሦስት ክሊፕስ ሰበርኩ። ላስቲኩ ቀድሞውኑ በልጁ ተቀዷል፣ 28ኛው ሰው ቢያየው ነፍስ ይማር ይለው ነበር። ከቀኙ በር ጀመርኩ። ስፒከሩ ላይ ሁለት ጥርስ አለ፤ ሰፊው ፖዘቲቭ፣ ጠባቡ ኔጌቲቭ። ሰማያዊው ሽቦ ሰፊው ላይ ተቀምጧል። ማመን አቃተኝ። ለማረጋገጥ ሽቦውን ነቅዬ የሪሞት ባትሪ ድንጋይ ፖዘቲቩን ሰፊው ጥርስ ላይ ነካ አደረግኩ። ኮኑ (የስፒከሩ ፊት) ወደ ውጭ ዘለለ። ልክ ነው፣ ሰፊው ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱን አቀያየርኳቸው። በቃ።

ግራው ትንሽ አደከመኝ። ስፒከሩ ላይ በቴስተር ስለካ 3.4 ኦም። ባለ 4 ኦም ስፒከር በቴስተር ከ4 ትንሽ ዝቅ ማለቱ ጤንነት ነው። ከቴፑ ጀርባ፣ ጅራቱን ነቅዬ፣ በሮዙና በወይን ጠጁ ስለካ ግን ምንም የለም። ሚስቴን በሩን ቀስ ብለሽ ክፈቺ አልኳት። ግማሽ ላይ ስትደርስ 3.6 መጣ። ትንሽ ስትጨምር ጠፋ። በበሩና በአካሉ መሀል ያለችውን የጎማ ቱቦ ወደ ኋላ ገፍፌ ሮዙን ሽቦ ሳብ አደረግኩት። እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ልባሱ ደህና ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ነው የተበጠሰው። 30 ዓመት በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሽቦው ሲታጠፍ ኖሯል እኮ።

ይህን ፎቶ አንስቼ 30ኛው ላይ ለጠፍኩ። ይቅርታውንም በሙሉ አፍ አደረግኩት። 31ኛው ተበጥሶ የተገኘው ቦታ ላይ በእርሳስ በይደው፣ ላዩን በፕላስተር ጠቅልለው አለ። 32ኛው እሳቸው፣ ጠንቋይ ያልኳቸው ሰው፣ ናቸው፤ አይሆንም አሉ። በእርሳስ የተበየደ ሽቦ ይደርቃል፣ የሚታጠፍ ቦታ ላይ የደረቀ ነገር ከጎኑ ይሰበራል፣ ወር አይቆይም። ከዳሽቦርዱ ሥር ጀምረህ እስከ ስፒከሩ ድረስ አንድ ወጥ፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ሽቦ ሳብ። ቱቦዋ ውስጥ አልሄድ ካለህ የዕቃ ሳሙና ቀባው። መገጣጠሚያው መኪናው ውስጥ ይሁን፣ ማጠፊያው ላይ አይሁን። እንዳሉኝ አደረግኩ። ሳሙናው ባይኖር ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርኩ።

አመሻሽ ላይ አበራሁት። ግራው በር ቢደበደብም አይቆራረጥም። ቤዙ አለ። ነበልባል የተሳለባቸው 500 ዋቶች፣ የእውነት ቢሆኑም ባይሆኑም፣ ለ20 ዋት ደህና ናቸው።

33ኛው ላይ የመጀመሪያው ትሁት ሰው ተመለሰ። እንኳን ደስ አለህ ብሎ፣ አርብ ያልመለስኩለትን ጥያቄ ደገመው። አሮጌዎቹ ስፒከሮችስ? ገባኝ። ጥፋቱ የሽቦው ከነበረ፣ እነሱ ምንም አልሆኑም ነበር።

ሰኞ ከሥራ መልስ በዲኮር ቤቱ በኩል አለፍኩ። ከበሩ በላይ፣ በኮምፖንሳቶ ሳጥን ውስጥ ተገጥመው፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ዜና ያነባሉ። የግራዬን አወቅኩት፤ ጠርዙ ላይ አጎቴ የለቀለቀው ነጭ ቀለም አለበት። ጠራ ያለ ድምፅ ነበር። ልጁን ዋጋቸውን ጠየቅኩት። የነገረኝን 34ኛው ላይ ጻፍኩት፤ ከአዲሶቹ በ200 ብር ይበልጣል፣ ኦሪጅናል ናቸው ብሎ።